በሰው አገር የተገዛ ቤት

ቤት መሥራትም ሆነ መግዛት በገዛ አገር እንኳ ምን ያህል ጣጣ እንዳለበት የማያውቅ የለም። ውድ አንባቢያን፤ እንግዲህ ቋንቋውን በማትሰሙበት፣ ሕጉን በማታውቁበት፣ ጎረቤቱንም ባልለመዳችሁበት አገር በዓመት አንድ ወር ብቻ የምታርፉበት ቤት ትገዛላችሁ እንበል። ነገሩ ለብዙዎቻችን የባለጸጋ ቅንጦት መስሎ ይታየናል። በሰሜን አውሮፓ ግን ጡረታ የወጣ አስተማሪም ሆነ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ፣ ዕድሜ ልኩን ያጠራቀማትን ገንዘብ ይዞ፣ ፀሐይ ወዳለበት አገር ሄዶ ቤት መግዛት ከጀመረ ብዙ ዓመታት አልፈዋል።

ይህን ጉዳይ ዛሬ የምናጫውታችሁ ነገ ሄዳችሁ ቤት ትገዙ ዘንድ አይደለም። ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ ገና ተማሪዎች ናቸው፤ የቀሩትም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ ከጀመሩ ገና ጥቂት ጊዜያቸው ነው፤ ደመወዛቸውም ለቤት ኪራይና ለቀለብ ከበቃ ይመሰገናል። ነገር ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ከገዢውና ከሻጩ ሌላ አንድ ሦስተኛ ሰው አለ። እርሱም በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ በወረቀት ላይ ማኅተም የሚመታው ሠራተኛ ነው። የቤቱ መሠረት ድንጋይና ስሚንቶ ይመስለናል እንጂ፣ በሰው አገር ለተገዛ ቤት ዋናው መሠረት የዚያ ሠራተኛ ወረቀት መሆኑን ወደ ኋላ እናየዋለን።

ለምሳሌ የመረጥነው የስፔንን አገር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የዓሣ አጥማጆች መንደር

ቤኒዶርም በስፔን ምሥራቃዊ የባሕር ጠረፍ የምትገኝ ትንሽ መንደር ነበረች። ወንዶቿ ቱና የሚባለውን ትልቅ ዓሣ በመረብ በማጥመድ የታወቁ ባሕርተኞች ነበሩ። በ1956 ዓ.ም. ለዚህች መንደር የከተማ ፕላን ተዘጋጀላት። ነገሩን የገፋበት ፔድሮ ሳራጎሳ የሚባል ወጣት ከንቲባ ነበር። ይህ ከንቲባ ሴቶች ባለ ሁለት ቁራጭ የዋና ልብስ ለብሰው በባሕሩ ዳር እንዲመላለሱ በመፍቀዱ ከቤተ ክህነት ጋር ቢጋጭ፣ በቬስፓ ሞተር ብስክሌት እስከ ማድሪድ ድረስ ተጉዞ ጉዳዩን ለጄኔራል ፍራንኮ እንዳስረዳ ይነገርለታል። ዛሬ ቤኒዶርም ሰማይ ጠቀስ ፎቆች እንደ ደን የቆሙባት ከተማ ናት።

በ1959 ዓ.ም. ደግሞ የስፔን መንግሥት የገንዘቡን ዋጋ ዝቅ አደረገ። ቀድሞ በ42 ፔሴታ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር ከዚያ ወዲህ 60 ፔሴታ ሆነ። ይህ ማለት ለባዕዱ እንግዳ ምግቡም፣ አልጋውም፣ መሬቱም በአንድ ጊዜ ረከሰለት ማለት ነው። በ1960 ዓ.ም. ወደ ስፔን የገቡት እንግዶች 6 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ በ1973 ዓ.ም. ግን ከ34 ሚሊዮን በለጡ። በ2024 ዓ.ም. ቁጥራቸው ወደ 94 ሚሊዮን ተጠግቷል።

እንግዳው በመጀመሪያው ዓመት ለሁለት ሳምንት መጥቶ ሆቴል አደረ። በሁለተኛው ዓመት ተመልሶ መጣ። በሦስተኛው ዓመት ግን «ለሆቴል የምከፍለውን ገንዘብ ለምን ለራሴ ቤት አላደርገውም?» ሲል አሰበ። ደላላውም ይህን አሳቡን ቀድሞ ያውቅ ነበርና በደጁ ቆሞ ጠበቀው።

ይሁን እንጂ ማሰብና መግዛት የተለያዩ ናቸው። እንግሊዞችን የተመለከትን እንደ ሆነ፣ በዚያ ዘመን የገዛ መንግሥታቸው ገንዘብ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክል ነበር። ከ1966 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 1970 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ አንድ እንግሊዛዊ እንደ ስፔን ወዳለ አገር ለዕረፍት ሲሄድ እንዲያወጣ የሚፈቀድለት የውጭ ምንዛሪ 50 ፓውንድ የሚያህል ብቻ ነበር። ይህ የምንዛሪ ቁጥጥር ፈጽሞ የተነሣው በጥቅምት 1979 ዓ.ም. ነው። በ1986 ዓ.ም. ደግሞ ስፔን ወደ አውሮፓ ማኅበር ገባች። ከዚያ በኋላ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ።

ቀብድ፣ ውልና ግብር

በስፔን ቤት የሚገዛ ባዕድ ሰው በመጀመሪያ የሚያወጣው የባዕዳን መለያ ቁጥር ነው። ያለዚህ ቁጥር ግብር መክፈልም ሆነ በስሙ ንብረት ማስመዝገብ አይችልም። ቀጥሎ ከሻጩ ጋር ሲስማማ ቀብድ ይከፍላል፤ ቀብዱም በልማድ ከዋጋው ከመቶ ዐሥር እጁ ነው። ውሉ በዚሁ ደንብ የተጻፈ እንደ ሆነ፣ ገዢው ከውሉ ቢያፈገፍግ ቀብዱን ያጣል፤ ሻጩ ቢያፈገፍግ ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ይህን ሕግ የኛ አገር የሕግ ተማሪ ሲሰማ አይደነቅም፤ በ1960 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም ስለ ቀብድ የሚናገረው ይህንኑ ነውና።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ወገኖች በውል አዋዋይ ሹም ፊት ቀርበው ይፈራረማሉ፤ ሽያጩም በንብረት መዝገብ ይጻፋል። ማንም ሰው ጥቂት ገንዘብ ከፍሎ ከዚህ መዝገብ ቤት አጭር መግለጫ ማውጣት ይችላል። መግለጫው የቤቱ ባለቤት ማን እንደ ሆነ፣ ቤቱም በዕዳ የተያዘ መሆንና አለመሆኑን ያሳያል። ይህን መመልከት የግድ ነው። ምክንያቱም በስፔን ብዙ ዕዳ የሚከተለው ሰውየውን ሳይሆን ቤቱን ነው። የፎቅ ቤት የገዛ ሰው፣ የቀድሞው ባለቤት ለአሳንሰሩ፣ ለደረጃው መብራትና ለጽዳቱ ሳይከፍል የቀረውን የጋራ መዋጮ፣ የያዝነውን ዓመትና ከእርሱ በፊት ያሉትን የሦስት ዓመታት ዕዳ፣ በገዛው ቤት ተይዞ ሊጠየቅ ይችላል።

ወጪውም በዋጋው ብቻ አይቆምም። በአንዳሉሲያ ክፍለ ሀገር አሮጌ ቤት በ200,000 ዩሮ ቢገዛ፣ የመዛወሪያው ግብር ከመቶ 7 ስለ ሆነ 14,000 ዩሮ ይከፈላል፤ የአዋዋዩ፣ የመዝገቡና የጠበቃው ዋጋ ሳይቆጠር ማለት ነው። ከዚያም በየዓመቱ የከተማው የቤት ግብር አለ። በዚህ ላይ ባለቤቱ በአገሩ የማይኖር ባዕድ ከሆነ፣ ቤቱን ቆልፎት ቢሄድና ሳንቲም ባያገኝበት እንኳ እንዳተረፈበት ተቆጥሮ ግብር ይጣልበታል። ስሌቱም ይህን ይመስላል፤ መንግሥት ለቤቱ የሰጠው ግምት 100,000 ዩሮ ቢሆን፣ ከመቶ 1.1፣ ማለትም 1,100 ዩሮ፣ እንደ ገቢ ይቆጠራል። አንዳንዴም ከመቶ 2 ይሆናል። ባለቤቱ እንግሊዛዊ ከሆነ ከዚያ ላይ ከመቶ 24 ይከፍላል፤ ይኸውም በዓመት 264 ዩሮ ነው።

ይህ ሁሉ እንግዲህ ቢከብድም የሚታወቅ ነገር ነው። ጠይቆ፣ ቆጥሮና ከኪሱ ጋር ተማክሮ ለሚገዛ ሰው አያሰጋም። የሚያሰጋው ሌላ ነው።

አንዱ ቢሮ ሲፈቅድ ሌላው ሲከለክል

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ምሳሌ እውነት ሆኖ የሚኖረው ግን ጽሑፉን የሰጠው ሹም መስጠት የሚገባውን የሰጠ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

በደቡብ ስፔን አልሜሪያ በሚባለው አውራጃ ቬራ የምትባል ከተማ አለች። አንድ እንግሊዛዊና ባለቤቱ ጡረታቸውን በዚያ ሊያሳልፉ አስበው ከከተማው አጠገብ መሬት ገዙ፤ ከማዘጋጃ ቤቱም የግንባታ ፈቃድ ተቀብለው ቤት ሠሩ። ፈቃዱ ማኅተም አለው፤ ፊርማ አለው። ይሁን እንጂ የክፍለ ሀገሩ መንግሥት መሬቱ ለእርሻ እንጂ ለመኖሪያ ቤት የሚሆን አይደለም፤ ማዘጋጃ ቤቱም ይህን ፈቃድ መስጠት አልነበረበትም ብሎ በፍርድ ቤት ተከራከረ። በጥር 2008 ዓ.ም. መንግሥት የላከው የማፍረሻ መኪና መጥቶ ቤቱን አፈረሰው። ሳይፈርስ የቀረው የመኪና ማቆሚያው ክፍል ስለ ነበረ፣ ሁለቱ አረጋውያን ለብዙ ዓመታት በዚያ ውስጥ ኖሩ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። እነዚህ ሰዎች በሌሊት ተደብቀው አልሠሩም። ገንዘባቸውን ከፈሉ፤ ፈቃድ ጠየቁ፤ ተሰጣቸው። የተሳሳተው አንዱ መሥሪያ ቤት ነው፤ ቤት ያጡት ግን እነርሱ ናቸው።

ነገሩም የእነዚህ የሁለቱ ብቻ አልነበረም። በአንዳሉሲያ ያለ ደንብ የተሠሩት ቤቶች 300,000 ያህል እንደሚሆኑ የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ራሱ ገምቷል። ባለጸጎች በሚሰበሰቡባት በማርቤያ ከተማ ደግሞ በማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ የተፈጸመው የጉቦና የፈቃድ ንግድ በ2006 ዓ.ም. በፖሊስ ምርመራ ሲገለጥ፣ መንግሥት የከተማውን ምክር ቤት በሙሉ አፈረሰው። ስፔን የዴሞክራሲ ሥርዓት ካቆመች ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ሲደረግ ያ የመጀመሪያው ነበር። የማርቤያ ሹማምንት ሲታሰሩ ግን በሺህ የሚቆጠሩ ገዢዎች «የኔስ ቤት ሕጋዊ ነውን?» እያሉ ሲጨነቁ ቀሩ።

ቤታቸው የሚያሰጋቸው ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው ለዓመታት ጮኹ። በ2015 ዓ.ም. የስፔን ሕግ ተሻሽሎ፣ በቅን ልቡና ለገዛ ሰው የካሣው ዋስትና አስቀድሞ ሳይያዝ ቤቱ እንዳይፈርስበት ዳኞች ማድረግ እንዲችሉ ተደነገገ። መልካም ሕግ ነው፤ ለፈረሰው ቤት ግን ዘግይቶ የመጣ ሕግ ነው።

ሕጉ ራሱ ሲለወጥ

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ማንም ሳይዋሽና ማንም ጉቦ ሳይበላ ቤት ከባለቤቱ እጅ ሊወጣ ይችላል። በ1988 ዓ.ም. ስፔን የባሕር ጠረፎችን ሕግ አወጣች። አሳቡ ደግ ነበር፤ የባሕሩ ዳርቻ የሕዝብ ሁሉ ነውና ማንም በግሉ አጥሮ እንዳይዘው ነው። ነገር ግን የሕዝብ ነው ተብሎ በተከለለው መሬት ላይ አስቀድሞ ቤትና ደብተር የነበራቸው ሰዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ባለቤት መሆናቸው ቀርቶ፣ ለ30 ዓመት በቤቱ የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ያላቸው ሆኑ፤ ይህም ጊዜ ሊታደስ የሚችል ነበር። በ2013 ዓ.ም. ሕጉ ሲሻሻል ጊዜው እስከ 75 ዓመት እንዲራዘም ተፈቀደ። ቢሆንም የርስት ባለቤት መሆንና በፈቃድ መቀመጥ አንድ አይደሉም።

በቫሌንሲያ ክፍለ ሀገር ደግሞ በ1994 ዓ.ም. የወጣ የከተማ ልማት ሕግ፣ የመሬቱ ባለቤት ያልሆነ ተቋራጭ የልማት ፕላን አቅርቦ ሲጸድቅለት፣ በአካባቢው ያሉት ባለርስቶች ከመሬታቸው ከፍለው እንዲሰጡና ለመንገዱም ለውሃውም መዋጮ እንዲከፍሉ ያስገድድ ነበር። በሰላም የአትክልት ቦታውን ሲያጠጣ የነበረ ሽማግሌ አንድ ቀን በፖስታ የብዙ ሺህ ዩሮ ሂሳብ ይደርሰው ጀመር። አቤቱታው እስከ አውሮፓ ፓርላማ ደርሶ፣ ፓርላማው በ2005፣ በ2007 እና በ2009 ዓ.ም. ነገሩን የሚነቅፍ ውሳኔ አሳልፏል።

ቁልፉ በእጅ፣ ቀኑ በቁጥር

ቤት ያለው ሰው በቤቱ የፈለገውን ያህል መቀመጥ የሚችል ይመስለናል። እንግሊዞችም እንዲሁ ይመስላቸው ነበር። አገራቸው ከአውሮፓ ኅብረት ወጥታ የሽግግሩ ጊዜ በ2020 ዓ.ም. መጨረሻ ሲያበቃ ግን፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው እንግሊዛዊ በማናቸውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ በስፔን መቆየት አይችልም ተባለ። ክረምቱን በሙሉ በፀሐይ አገር ያሳልፍ የነበረው ጡረተኛ አሁን ቀን መቁጠሪያ ይዞ ይቆጥራል። ቤቱ የርሱ ነው፤ ቀኑ ግን የርሱ አይደለም።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለባለ ብዙ ገንዘብ ሰው አንድ መንገድ ተከፍቶ ነበር። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ሰው 500,000 ዩሮ የሚያወጣ ቤት ቢገዛ የመኖሪያ ፈቃድ ይሰጠው ነበር። ስፔን ይህንም መንገድ በሚያዝያ 2025 ዓ.ም. ዘጋችው። ለምን እንደ ዘጋችው ለማወቅ ወደ ጎረቤቱ ቤት ዘልቀን መጠየቅ ያሻናል።

ጎረቤት ምን ይላል?

እስካሁን የተናገርነው ስለ ገዢው ነው። በዚያው ጎዳና የሚኖረውስ የአገሩ ሰው? በቅርብ ዓመታት በስፔን ከሚሸጡት መቶ ቤቶች ውስጥ 15 ያህሉን የሚገዙት የውጭ አገር ሰዎች ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ እዚያው የሚኖሩ ናቸው። በአሊካንቴ አውራጃ ግን የባዕዳኑ ድርሻ ከመቶ ከ40 ይበልጣል። አንዱ ቤት በዓመት ዐሥራ አንድ ወር ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ሌላው ለቱሪስት በቀን ይከራያል። በዚህ መካከል የሆቴሉ አስተናጋጅ፣ የሆስፒታሉ አስታማሚና የትምህርት ቤቱ መምህር በደመወዛቸው የሚከራዩት ቤት ያጣሉ። በኢቢሳ ደሴት በበጋው ወራት በመኪና ውስጥና በድንኳን የሚያድሩ ደመወዝተኞች አሉ።

በ2024 ዓ.ም. በሚያዝያ በካናሪ ደሴቶች፣ በሰኔ በማላጋ ከተማ፣ በሐምሌም በማዮርካ ደሴት እጅግ ብዙ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ «ከተማችን ለእኛም ትሁን» አለ። የስፔን ሕገ መንግሥት በ47ኛው አንቀጽ ለዜጎች ሁሉ ተገቢ መኖሪያ ቤት የማግኘት መብት ይሰጣልና፣ ጩኸቱ መሠረት የሌለው አይደለም። በጥር 2025 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፔድሮ ሳንቼዝ፣ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሆኑና በስፔን የማይኖሩ ገዢዎች የቤቱን ዋጋ እስከ መቶ በመቶ የሚያህል ግብር እንዲጣልባቸው አሳብ አቀረቡ።

የቤት ፈላጊ ብዛት ብቻውን ዋጋውን አስወደደው ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በስፔን በ2008 ዓ.ም. ከደረሰው የገንዘብ ውድቀት በኋላ የቤት ሥራ እጅግ ቀንሶ ነበር። በሌላም በኩል ባዕዱ የሚያመጣው ገንዘብ ለግንበኛው፣ ለቀለም ቀቢውና ለባለሱቁ እንጀራ ነው። ጥያቄው እንግዳው ይምጣ ወይስ አይምጣ አይደለም፤ በምን ሥርዓት ይምጣ ነው።

ሌሎችም፣ እኛም

ብዙ አገሮች ይህን ጥያቄ አስቀድመው አስበውበታል። ዴንማርክ የዕረፍት ቤቶችን ለባዕዳን የሚከለክለውን ሕጓን በ1992 ዓ.ም. በተፈረመው የአውሮፓ ኅብረት ውል ላይ በልዩ ቃል አስከብራለች። የስዊዘርላንድ ሕዝብ በ2012 ዓ.ም. በሰጠው ድምፅ፣ በአንድ ወረዳ የዕረፍት ቤቶች ከመቶ 20 እንዳያልፉ ወስኗል። በሜክሲኮ ሕገ መንግሥት ደግሞ ባዕድ ሰው ከባሕር 50፣ ከድንበር 100 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለውን መሬት በቀጥታ በስሙ ሊይዝ አይችልም፤ ባንክ በአደራ ይይዝለታል።

በአገራችንም የ1960 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በ390ኛው አንቀጽ፣ ባዕድ ሰው ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ የማይንቀሳቀስ ንብረት በኢትዮጵያ እንዳይኖረው ከልክሎ ነበር። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 የውጭ ዜግነት ላላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን በሩን ከፈተ። በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም ሠርቶ በአዲስ አበባ ቤት የሚገዛና ለገና ወይም ለክረምት ብቻ መጥቶ የሚያድርበት ዘመዳችሁ አለ እንደ ሆነ፣ የስፔኑ ታሪክ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በ2025 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሌሎች የውጭ አገር ሰዎችም ቢያንስ 150,000 ዶላር አውጥተው ቤት እንዲይዙ የሚፈቅድ አዋጅ አጽድቋል።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፤ ከእናንተ አንዱ ነገ በመዝገብ ቤት፣ ሌላው በማዘጋጃ ቤት፣ ሌላው በፍርድ ቤት ይቀመጣል። አንድ ገዢ፣ ባዕድም ይሁን የአገር ልጅ፣ ወረቀቱን ይዞ በፊታችሁ ይቆማል። የሚጠይቃችሁ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ይህን ባምን አያሳፍረኝምን?» የሚል። በዚያ ጊዜ መዝገቡን ሳትገልጡ፣ የጎረቤቱን መሥሪያ ቤት ሳትጠይቁ፣ አለቃ አለኝ ወይም ደላላው ወዳጄ ነው ብላችሁ ማኅተሙን አትምቱ። አይሆንም የሚባለውንም ነገር በጊዜው አይሆንም በሉት። የተከለከለ ሰው ለአንድ ቀን ይቆጣል፤ ከዚያም ገንዘቡን ይዞ ሌላ ቦታ ይፈልጋል። በሐሰት የተፈቀደለት ሰው ግን ቤቱን ሠርቶ፣ ዕቃውን አስገብቶ፣ ዛፉን ከተከለ በኋላ ነው የማፍረሻውን መኪና ድምፅ የሚሰማው።